የሕግ ቴክኖሎጂ ማዕከል ጠንካራ መሆኑ በምን ይታወቃል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ውጭ አገር ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት ለሚያመለክቱ የሕግ ምሩቃን፣ «እኛም ማዕከል እናቋቁም» የሚል ስብሰባ ለተጠሩ መምህራንና ከእንዲህ ያለ ማዕከል ጋር ለመሥራት ላሰቡ ጠበቆች ነው። ከኢትዮጵያ ሕጎች ውጭ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ የሕግ ቴክኖሎጂ ማዕከል ምንድነው የሚሠራው?

ስሙ አንድ ይምሰል እንጂ ሥራው ሦስት ዓይነት ነው። አንዳንዱ መሣሪያ ይሠራል። ሕግና ፍርድ በነፃ ለሕዝብ ያወጣል፣ ጠበቃ መቅጠር ያልቻለ ሰው የፍርድ ቤት ቅጽ የሚሞላበትን ሶፍትዌር ያዘጋጃል። አንዳንዱ ሌሎች የሠሩትን ይፈትሻል። ሌላው ደግሞ ቴክኖሎጂውን ስለሚገዛው ሕግ ያጠናል፤ የግል መረጃ ጥበቃ፣ የኮምፒውተር ወንጀል፣ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የመሳሰሉትን ማለት ነው።

ብዙ ማዕከላት «ሦስቱንም እንሠራለን» ይላሉ። ጠጋ ብላችሁ ስታዩ ግን አንዱ ላይ ነው የሚበረቱት። እናንተ የምትፈልጉት የትኛውን እንደሆነ ሳትወስኑ መመዘን ብትጀምሩ ድካም ብቻ ነው የሚተርፋችሁ።

ዘርፉ ትናንት የመጣ እንዳይመስላችሁ። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተርና የሕግ ማዕከል የተቋቋመው በ1970 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩት ዮን ቢንግ የሕግ ፕሮፌሰርም የሳይንስ ልቦለድ ደራሲም ነበሩ። ለዚህ ሥራ መጥፎ ቅልቅል አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ስመ ጥር ከሆነ አይበቃም?

አይበቃም። የዩኒቨርሲቲው ስም የሚነግራችሁ ስለ ዩኒቨርሲቲው ነው። ማዕከሉ አንድ ፕሮፌሰር፣ አንድ ጸሐፊና አንድ የሚያምር ድረ ገጽ ሊሆን ይችላል።

ይልቅ ማዕከሉ ከማን ጋር እንደተሳሰረ እዩ። ኮዴክስ የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማዕከል የሕግ ትምህርት ቤቱና የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍሉ በጋራ የሚመሩት ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጠበቆች ብቻ ተሰብስበው ስለ ሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚጽፉበት ቤት ብዙ ጊዜ ከጋዜጣ ያነበበውን መልሶ ይጽፋል። መሐንዲሶች ብቻ የተሰበሰቡበት ቤት ደግሞ ይግባኝና ሰበር የሚለዩበትን ሳያውቅ «ፍትሕን አዘምናለሁ» ይላል። ሁለቱን ሙያ በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጠ ማዕከል ስሙ ትንሽ ቢሆንም ይሻላል።

እሺ፣ መጀመሪያ ምን ልይ?

ከአምስት ዓመት በፊት የሠራው ነገር ዛሬ ይሠራል ወይ? ከዚህ በላይ የሚያጋልጥ ጥያቄ አላውቅም።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲን የሕግ መረጃ ተቋም እንውሰድ። ፒተር ማርቲንና ቶማስ ብሩስ በ1992 አቋቋሙት። ዓላማው ሕግ በነፃ በኢንተርኔት እንዲነበብ ማድረግ ነበር። ያኔ በዊንዶውስ የሚሠራ የድረ ገጽ ማሰሻ ስላልነበረ ብሩስ ራሱ ሴሎ የተባለውን ጽፎ በ1993 አወጣ። ጠበቆቹ የሚጠቀሙት ዊንዶውስ ነበራ! ሴሎ ዛሬ የለም። የሕግ ስብስቡ ግን ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ አሁንም ይነበባል፣ ይታደሳል። የአሜሪካን ሕግ በኢንተርኔት የፈለገ ሰው ሳያውቀውም ቢሆን እዚያ ገጽ ላይ ማረፉ አይቀርም።

በ1995 በሲድኒ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ያቋቋሙት፣ የአውስትራሊያን ሕግ በነፃ የሚያወጣው አውስትሊም እንደዚሁ ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ጥንካሬ ማለት በየቀኑ የሚሠራ አሰልቺ ሥራ ነው። አዲሱን ሕግ ማስገባት፣ የተሻረውን ማመልከት፣ የተበላሸ ሊንክ መጠገን። ለዚህ ሽልማት የሚሰጥ የለም። ለዚህም ነው ደካማ ማዕከል የማይሠራው።

«መሣሪያ ሠርተናል» ሲሉ እንዴት ላጣራ?

በመጀመሪያ ክፈቱትና ተጠቀሙበት። አብዛኛው ጥርጣሬ እዚህ ላይ ይለቃል። «በቅርቡ ይጠብቁን» የሚል ገጽ ከመጣ መልሱን አገኛችሁ።

ከከፈተ ደግሞ ማን እንደሚጠቀምበት ጠይቁ። ቦስተን ያለው የሰፎክ ዩኒቨርሲቲ ሊት ላብ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2020 ኮቪድ ፍርድ ቤቶችን ሲዘጋ ሰው የቤት ማስለቀቅ ክስን ወይም የቤት ውስጥ ጥቃትን የመሰለ አስቸኳይ ጉዳይ ይዞ የትም መሄድ አልቻለም። ላቡ በጎ ፈቃደኞችን አስተባብሮ የማሳቹሴትስ ፍርድ ቤቶችን ቅጾች ስልክ ላይ ለሚመጡ ጥያቄዎች እየመለሱ የሚሞሉ አደረጋቸው። ኮዱን በነፃ ለቀቀው። ሥራው ከወረርሽኙ በኋላም ቀጠለ።

የቺካጎ ኬንት የሕግ ትምህርት ቤት፣ ካሊ ከተባለው በኮምፒውተር የታገዘ የሕግ ትምህርት ማዕከል ጋር ያዘጋጀው ኤቱጄ ኦተርም ከዚህ ወገን ነው። ኮድ የማያውቅ ጠበቃ ደረጃ በደረጃ የሚጠይቅ ቅጽ ራሱ እንዲያዘጋጅ ያስችለዋል። የእንዲህ ያለ መሣሪያ ምስክሩ ማዕከሉ ሳይሆን የፍርድ ቤት መዝገብ ቤትና የነፃ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ነው።

ኮዱ ክፍት ከሆነ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ) ላይ ገብታችሁ የመጨረሻው ለውጥ መቼ እንደተደረገ እዩ። ኮድ ማንበብ አይጠበቅባችሁም፤ ቀኑን ማንበብ ይበቃል። ተጠቃሚዎች ችግር ሲያመለክቱ መልስ የሚሰጥ ሰው አለ? ወይስ ጥያቄው ሁለት ዓመት ተንጠልጥሎ ቀርቷል?

ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለምን ያስፈልገኛል?

ገንዘቡ ሥራው የማን እንደሆነ ስለሚወስን ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

የሃርቫርድ የሕግ ቤተ መጻሕፍት በመደርደሪያው የነበሩትን የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ውሳኔዎች በሙሉ ስካን ለማድረግ ወሰነ። ወደ 40 ሚሊዮን ገጽ ገደማ ነው። የመጻሕፍቱ ጥራዝ ተቆርጦ ገጾቹ በማሽን አለፉ። ከዚያ 6.7 ሚሊዮን ያህል ውሳኔዎች ወጡ። ወጪውን የሸፈነው ራቬል ሎ የተባለ ስታርትአፕ ነው። በምላሹ ኩባንያው ለተወሰኑ ዓመታት የንግድ ጥቅሙ እንዲጠበቅለት ተስማሙ። ለዚህም ነው ስብስቡ በ2018 ለሕዝብ ሲከፈት ማንም ማንበብ ቢችልም በጅምላ ማውረድ የተገደበው፤ ተራ ተጠቃሚ በቀን ከ500 ውሳኔ በላይ አያገኝም ነበር።

መሐል ላይ፣ በ2017፣ ራቬልን ሌክሲስ ኔክሲስ ገዛው። ከትልልቆቹ የሕግ መረጃ ነጋዴዎች አንዱ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፦ ውሉ ልል ቢሆን ኖሮ የሕዝብ የነበረው ነገር በነጋዴ እጅ ይቀር ነበር። ውሉ ግን ጥሩ ተጽፎ ስለነበር ግዴታው ወደ ገዢው አብሮ ተሻገረ። ገደቡም ጊዜው ሲያልቅ በ2024 ተነሳ። ዛሬ ሁሉም ክፍት ነው።

ስለዚህ «የግል ኩባንያ ገንዘብ አለበት» ማለት ብቻውን ነውር አይደለም። ኩባንያው ምን አገኘ፣ እስከ መቼ፣ ቢሸጥስ ምን ይሆናል? እነዚህን ሦስት ነገሮች በግልጽ የሚመልስ ማዕከል በራሱ ላይ እምነት አለው። «ከአጋሮቻችን ጋር በትብብር» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ግን ጠርጥሩ።

ሌላው ደግሞ ማዕከሉ ገንዘብ ሰጪውን ቅር የሚያሰኝ ነገር አሳትሞ ያውቃል ወይ የሚለው ነው። አንድም ጊዜ ካልሆነ ዕድለኛ ነው ወይ ዝምተኛ ነው።

ቴክኒኩን የማላውቅ ጠበቃ ነኝ። ጥናታቸው እምነት የሚጣልበት መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

በ2023 ጂፒቲ 4 የተባለው የኦፕን ኤአይ ኩባንያ የሰው ሰራሽ አስተውሎት ሞዴል የአሜሪካን የጥብቅና ፈተና አለፈ የሚል ጥናት ወጣ። ከተፈታኞች 90 በመቶውን ይበልጣል የሚለው የኦፕን ኤአይ አባባልም ዓለምን ዞረ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ በዚያው ሞዴል የጠበቆች መሣሪያ የሚሸጥ ኩባንያ መሥራች ነበር። ቆየት ብሎ በኤምአይቲ የነበረ ተመራማሪ ቁጥሩን መልሶ መረመረው። ነጥቡ የተነጻጸረው በየካቲቱ ፈተና ከተቀመጡት ጋር ሳይሆን አልቀረም አለ። የየካቲቱን ፈተና የሚወስዱት ብዙዎቹ ቀድሞ የወደቁ ናቸው። ፈተናውን ካለፉት ጋር ብቻ ሲነጻጸር ደረጃው ወደ መሐል ወረደ። ማሽኑ አልወደቀም፤ ግን «90 በመቶ» የሚለው ወሬ ከማን ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው።

ሁለተኛው የ2024 ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ትልልቆቹ ኩባንያዎች ለጠበቆች የሚሸጧቸውን በሰው ሰራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የሕግ መፈለጊያዎች ፈተሹ። ኩባንያዎቹ «የፈጠራ መልስ አይሰጥም» እያሉ ነበር የሚያስተዋውቁት። ተመራማሪዎቹ የፍተሻውን ዕቅድ አስቀድመው አስመዝግበው ከ200 በላይ ጥያቄዎችን ጠየቁ። እንደ መሣሪያው ከ17 እስከ 33 በመቶ የሚሆነው መልስ ስህተት ወይም ያልተደገፈ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው ቅጂ ሲወጣ ግን ቁጣ ተነሳ። ከኩባንያዎቹ አንዱ ከሆነው ከቶምሰን ሮይተርስ ምርቶች የፈተሹት ዋናውን የፍርድ መፈለጊያ ሳይሆን ሌላውን ነው ተባለ። ትችቱ እውነትነት ነበረው። ኩባንያው በኋላ ዋናውን ከፈተላቸው፤ እነሱም ፈትሸው ጥናቱን አሻሽለው አወጡ። ያ ዋናው ምርት ከሁሉም የበለጠ ተሳስቶ ተገኘ።

እኔ ከዚህ የምወስደው የጥናቱን ፍጹምነት አይደለም። ዕቅዱ አስቀድሞ የተመዘገበ ነበር፣ ጥያቄዎቹ ይታያሉ፣ ትችት ሲመጣ ተስተካክሎ እንደገና ወጣ። ይህን ለማየት ኮምፒውተር ሳይንስ መማር አያስፈልግም። የፍርድ ቤት ማስረጃ የመመዘን ልምድ ያለው ሰው ይህን ከማንም በላይ ይችላል። ናሙናው ስንት ነው? ማን መረጠው? ሌላ ሰው ደግሞ ሊሞክረው ይችላል?

ቁፋሮ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥንካሬ ነው። የጆርጅታውን የግላዊነትና ቴክኖሎጂ ማዕከል በ2016 የአሜሪካ ፖሊሶች የፊት መለያ ቴክኖሎጂ እንዴት እንደሚጠቀሙ አጋልጧል። ከ100 በላይ ለሚሆኑ የፖሊስ ተቋማት የመረጃ ጥያቄ አስገብቶ ነው ያገኘው። ከአዋቂ አሜሪካውያን ግማሹ፣ ማለትም 117 ሚሊዮን ሰው፣ ፎቶው ፖሊስ ፊት በሚለይባቸው መዝገቦች ውስጥ እንዳለ አሳየ። የተጠቀመበት መሣሪያ ደብዳቤና ትዕግሥት ነው።

ከማዕከሉ የወጡ ኩባንያዎች ብዛት ጥሩ መለኪያ ነው?

እንደ ዓላማችሁ ይወሰናል። ሌክስ ማኪና የፓተንት ክሶችን መረጃ ለሕዝብ ጥቅም ለመሰብሰብ ስታንፎርድ ውስጥ የተጀመረ ሥራ ነበር። ኩባንያ ሆነ፤ በ2015 ሌክሲስ ኔክሲስ ገዛው። ለሥራ ፈጣሪ ተማሪ ይህ የስኬት ታሪክ ነው። ሕዝብ በነፃ መረጃ ያገኛል ብሎ ለደገፈ ሰው ደግሞ ሌላ ስሜት ይሰጣል። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ኮንፈረንስ፣ ሽልማት፣ የደረጃ ሰንጠረዥስ?

ብዙ ቦታ አትስጧቸው። የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም የተነሳው ፎቶማ ጭራሽ አይቆጠር።

ተማሪ ሆኜ ላመለክት ነው። ምን ልጠይቅ?

አሁን ያሉትን ሳይሆን ተመርቀው የወጡትን ፈልጉ። አሁን ያለ ተማሪ የምክር ደብዳቤ ይፈልጋል፣ አማካሪውን አያማም። ሊንክድኢን ላይ ሁለት ሦስት ሰው አግኝታችሁ በትሕትና ጻፉላቸው። ያገራችን ልጅ ካለማ በስልክ የሚነግራችሁን በጽሑፍ አታገኙትም።

የምትጠይቁት እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ ተማሪ ያገኛል ወይስ ሁሌ አውሮፕላን ላይ ነው? ተማሪ የሠራው ሥራ ላይ ስሙ ይሰፍራል? ማዕከሉ የራሱ ፕሮግራመር አለው ወይስ ሥራው ሁሉ በአጭር ጊዜ ረዳቶች ነው የሚሠራው? ይህ የመጨረሻው ወሳኝ ነው። የተማሪ ፕሮጀክት ተማሪው ሲመረቅ አብሮ ይመረቃል፤ ቋሚ ባለሙያ ከሌለ የሚረከብ የለም።

አንድ ሰው ብቻ ተሸክሞት የቆመ ማዕከልም ያስፈራል። ያ ሰው ሌላ ዩኒቨርሲቲ የተሻለ ደመወዝ ያቀረበለት ቀን የእናንተ የዶክትሬት ርዕስ ሜዳ ላይ ይቀራል። ካለፉት ዓመታት ጽሑፎች የጸሐፊዎቹን ስም ተመልከቱ። ሁሌ አንድ ስም ከሆነ ለሁለተኛ አማካሪነት ማን እንዳለ ሳታውቁ አትፈርሙ።

አፍሪካ ውስጥ ጠንካራ ማዕከል አለ?

አለ። ናይሮቢ ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲፒት በአእምሯዊ ንብረት፣ በዳታ ጥበቃና በሰው ሰራሽ አስተውሎት ሕግ ላይ ይሠራል። ለእኛ ቅርብም ነው። ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የአፍሪካ አገሮችን ሕግና ፍርድ በነፃ የማውጣት ሥራ የአፍሪካን ሊ ቤት ሆኖ ቆይቷል። እነዚህን ከስታንፎርድ ጋር በገንዘብ ማወዳደር ትርጉም የለውም። የአገራቸው ምክር ቤት ወይም ፍርድ ቤት ሥራቸውን ይጠቅሰዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ቢቋቋም በምን ይመዘን?

በቻትቦት አይመዘን። በመሠረቱ ይመዘን።

መሠረቱ ምንድነው? የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1234/2013ም ይህን አስቀጥሏል። ውሳኔዎቹ በቅጽ በቅጽ ታትመው ከ20 ቅጽ በላይ ሆነዋል። አንድ ጠበቃ ይህ ትርጉም በኋላ ተለውጧል ወይ ብሎ ሲጠይቅ በአንድ ጠቅታ መልስ ማግኘት አለበት። አዋጅም እንደዚሁ ነው። ዋናውን ታወርዳለህ፣ ማሻሻያውን ትፈልጋለህ፣ የማሻሻያው ማሻሻያ ያመልጥሃል፤ ችሎት ላይ ተቃራኒ ወገን ያነብልሃል። ማሻሻያዎቹን ከዋናው ጋር አዋህዶ፣ በየትኛው ቀን የትኛው ድንጋጌ ይሠራ እንደነበር የሚያሳይ ማዕከል ያለ ምንም ሰው ሰራሽ አስተውሎት አገር ይጠቅማል።

ከዚያ የፊደሉ ጉዳይ አለ። ብዙ ሰነድ ፎቶ ነው፤ ውስጡ ቃል መፈለግ አይቻልም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ውስጥ የገባው በ1999 ስለሆነ ከዚያ በፊት በተለያዩ ፎንቶች የተጻፈው ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይላል። ጸሐፊው አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ፍለጋው ሁለቱን አንድ አድርጎ ካላየ ግማሹ ይቀራል። «ውል» ብሎ የፈለገ ሰው «ውሉ»፣ «በውሎቹ»፣ «ከውሉም» የሚሉትንም ማግኘት አለበት። ይህን የፈታ ማዕከል አማርኛን ብቻ ሳይሆን ትግርኛንም ይረዳል።

ቋንቋው ማሽኑን ለመፈተንም ይሆናል። በነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲለያዩ የበላይነት ያለው አማርኛው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ የተተረጎመ ስለሆነ በቅጂዎቹ መካከል የሚታዩ ልዩነቶች አሉ። እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ማሽን በልበ ሙሉነት ይሳሳታል። እንዲህ ያሉ አንቀጾችን ለቅሞ የፈተና ጥያቄ ያዘጋጀ ማዕከል ካለ እኔ መጀመሪያ የማመለክተው እዚያ ነው።

የግል መረጃም አለ። ውሳኔ ይታተም ስንል የባልና ሚስት ክርክር፣ የሕፃናት ጉዳይ፣ የታማሚ ታሪክ አብሮ ይወጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ «ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ እንጫን» ማለት አያስኬድም። ስም የመሸፈን ሥራ ማን፣ በምን መመሪያ እንደሚሠራው ያልጻፈ ፕሮፖዛል ገና አልበሰለም።

ይህን ሁሉ ማጣራት ስንት ጊዜ ይፈጃል?

አንድ ከሰዓት ለአንድ ማዕከል ይበቃል። ጊዜ ካጠራችሁ የድረ ገጾችን የድሮ ቅጂ በሚያስቀምጠው ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የማዕከሉን አድራሻ አስገቡና ገጹ ከሦስት ዓመት በፊት ምን ይመስል እንደነበር እዩ። ያኔ «በዚህ ዓመት እንጀምራለን» ያሏቸውን ፕሮጀክቶች ጻፉ። ከዚያ የዛሬውን ገጽ ክፈቱና ስንቶቹ እንዳሉ፣ ስንቶቹ ሳይነገር እንደጠፉ ቁጠሩ። ስለቆመ ፕሮጀክት «ይህንን አቁመነዋል፣ ምክንያቱም…» ብሎ የጻፈ ካጋጠማችሁ ለዚያ ማዕከል ኢሜይል ጻፉ።